በዲዳ ፍጥረት ስም ስለሚለመን ምጽዋት

ባለፈው ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አንዲቱ በስልኳ የደረሳትን ፎቶግራፍ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ለጓደኞቿ አሳየች። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው በግንባሩ ነጭ ያለበት፣ አባቶቻችን ዳማ ቦራ የሚሉት ዓይነት ፈረስ ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ አንገቱ በገመድ ታስሯል፤ እግሩ በጭቃ ተውጧል። ከሥዕሉ ግርጌ፣ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ የተጠቀሰው ዶላር ካልተሟላ ፈረሱ ከሌሎች ጋር ተጭኖ ወደ ቄራ እንደሚወሰድ ተጽፏል። ልጆቹ ለትንሣኤ ልብስ ያጠራቀሙትን አዋጥተው ላኩ፤ የምስጋና ደብዳቤም መጣላቸው። ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ያው ፈረስ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ጭቃ ውስጥ፣ አዲስ ዓርብ ተጽፎለት ተመልሶ መጣ።

ልጆቹ ወደ እኛ ወደ ታላላቆቻቸው ቀርበው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ጠየቁን። እኛም ሦስት ጊዜ ስልክ ደወልን። በመጀመሪያው ቀን ያነጋገሩን እመቤት በለሰለሰ ድምፅ፣ ፈረሱ ሌላ ነው፣ ይመሳሰላል እንጂ ያው አይደለም አሉን። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሰው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የእንስሳትን ጠላቶች እንደሚያስደስት ገለጸልን። በሦስተኛው ቀን የመለሰልን የለም። የድርጅቱን ስም አንጠቅስም፤ እኛ ተሳስተን ሊሆንም ይችላልና፤ ደግሞም ጉዳያችን ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም።

ይህን በሰበካ ጉባኤያችን ስናነሣ ከአረጋውያኑ አንዱ አባት በጥቂቱ ተቆጥተው፣ «ወገናችን በአገር ቤት ጾሙን እያደረ ስለ ፈረስ ጉባኤ እንቀመጥ?» አሉ። ቁጣቸው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈረስን የናቀ ሕዝብ አለመሆናችንን እርሳቸውም ያውቃሉ። ነገሥታቶቻችንና መኳንንቶቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ተሰብስቦ ዐድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። ጌታም በሆሣዕና ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ውርንጫ ተቀምጦ ነው። የሙሴ ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያም አዟል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በቢሾፍቱ የውጭ ባለሀብቶች የአህያ ቄራ በከፈቱ ጊዜ የሆነውንም እናስታውሳለን። ቆዳው ወደ ቻይና ሄዶ ለመድኃኒት የሚሆን ሙጫ እንዲወጣው፣ ሥጋውም ለውጭ ገበያ እንዲቀርብ ታስቦ ነበረ። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው አገራችን የሕዝቡ ተቃውሞ በርትቶ ቄራው በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ ጉባኤያቸው አህያን ለቆዳው ማረድ በመላው አህጉር እንዲከለከል ወሰኑ። ሆኖም ራሳችንን ማሞገስ አይገባንም። ያችው ቢሾፍቱ፣ የቀድሞዋ ደብረ ዘይት፣ የጋሪ ፈረስ ከተማ ናት። ከንጋት እስከ ምሽት የሰውና የእህል ጭነት ሲጎትት የኖረ ፈረስ፣ ጀርባው ሲላጥና እግሩ ሲያነክስ ቀለብ ላለማውጣት ሲባል በመንገድ ዳር ተለቆ የጅብ ራት ሲሆን ያላየ ከመካከላችን ማን ነው? አይተን አለፍን። እንግዲህ ሌሎች ስለ ፈረስ የሚያደርጉትን ስንመረምር ከዚያ መንገድ ዳር ያለፍን ሰዎች መሆናችንን ሳንረሳ ነው።

ወደ ጥያቄው እንግባ። የሰጪው ድርሻ መስጠት ብቻ ነውን? ወይስ የሰጠው ከታሰበለት መድረሱን መጠየቅም ይጨመርበታል?

ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው አለመጠየቅን ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይ ስለ ማርያም ሲለን እጃችንን እንዘረጋለን እንጂ ገንዘቡን ለዳቦ ያውለው ለጠላ አንመረምርም። ይህ ትምህርት ትክክል ነው፤ ነዳዩ የተቀበለውን ራሱ ይበላዋልና። ቢያታልለንም ያታለለው እኛን ነው፤ ሒሳቡም በእርሱና በፈጣሪው መካከል ይቀራል። በሌላው ስም የሚለምን ግን እንደዚህ አይደለም። እርሱ መልእክተኛ ነው። ቢያታልል የተጎዳው ሰጪው አይደለም፤ ሰጪው ያጣው ጥቂት ዶላር ነው። የተጎዳው ስሙ የተጠራበት፣ ቁስሉ የታየበት፣ ነገር ግን ድርቆሹ ያልደረሰው ነው። ያ ተጎጂ አፍ ቢኖረው ኖሮ በዳኛ ፊት ይከስስ ነበረ። የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ተደብድባ አፏ የተከፈተላት በተአምር ነው፤ በዚህ አገር በረት ውስጥ የቆመው ፈረስ ግን እንዲህ ያለ ተአምር አይጠብቅም። ስለዚህ ለነዳዩ የምንጠብቀውን ዝምታ ለመልእክተኛው ስንሰጠው ትሕትና የመሰለን ነገር በዲዳው ላይ የሚፈጸም በደል ይሆናል ብለን እናምናለን።

የነገሩን አካሄድ ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። በዚህ አገር ፈረስን ለምግብ ያርዱ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ቄራዎች፣ ሁለቱ በቴክሳስ አንዱ በኢሊኖይ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግተዋል። ፈረሱ ግን መንገዱ ረዘመበት እንጂ ከመታረድ አልዳነም፤ ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ ይጫን ጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ፈረሶች ድንበር ተሻግረዋል፤ ቁጥሩ ኋላ እጅግ ቢቀንስም ንግዱ አልቆመም። ከእኛ ከፎልስ ቸርች በመኪና ከሦስት ሰዓት በማይበልጥ መንገድ፣ በፔንሲልቬኒያ ኒው ሆላንድ በምትባል ከተማ በየሰኞው የፈረስ ጨረታ ይቆማል። እንደዚህ ባሉ ጨረታዎች ላይ ለልጁ ፈረስ የሚፈልግ አባት፣ የእርሻ ፈረስ የሚፈልግ ገበሬና በክብደት ገምቶ ለቄራ የሚገዛ ነጋዴ ጎን ለጎን ቆመው ይጫረታሉ።

በኋለኞቹ ዓመታት ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ አዲስ ብልሃት አገኙ። ከጨረታው የገዙትን ፈረስ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ቀን ቆርጠው፣ ከቄራው ዋጋ በላይ ዋጋ ጠርተው ለርኅሩኆች ያቀርባሉ። ርኅሩኆቹም በግልም በማኅበርም ይከፍላሉ። ይህን ክፍያ በእንግሊዝኛ የእስረኛ ዋስትና በሚሉበት ቃል ይጠሩታል፤ በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ቃል ግን ቤዛ ነው፤ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ምን ያህል የከበረ መሆኑን ስናስብ ብዕራችን ይከብዳል። ነጋዴው ከቤዛው ትርፍ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ፈረስ ይገዛል። ወደ ቄራ ፈጽሞ የማይሄደውን ጤነኛ ፈረስ እንኳ ሊሞት ነው ብሎ መሸጥ ይችላል፤ ማን ያጣራበታል? የታወቁት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበራትም ሰዎች ይህን ክፍያ እንዳይከፍሉ ያስጠነቅቃሉ።

ከዚህ ላይ ለመፍረድ እንዳንቸኩል የሚያደርገን አንድ ነገር አለ። ቤዛ መክፈል ምን እንደሆነ ይህ ምእመን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ከአሥር ዓመት በፊትና ከዚያም ወዲህ፣ በሲና በረሃ በኋላም በሊቢያ፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተይዘው ጩኸታቸው በስልክ ለዘመዶቻቸው ሲሰማ፣ ከዚህ አካባቢ ቤቱን አስይዞ፣ ታክሲውን ሸጦ፣ በየአድባራቱ አዳራሽ ለምኖ የከፈለ ሰው አለ። የተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ምርኮኛ መያዣ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበረ። እኅቱ በስልክ እየጮኸች ይህን ስሌት ያስላ ብሎ የሚፈርድበት ማን ነው? በእርግጥ ፈረስና ሰው አይተካከሉም፤ ልናመሳስላቸውም አልተነሣንም። ነገር ግን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የፈረሱን ዓይን አይታ ገንዘቧን ብትልክ እንደ ሞኝ አናያትም። የቀረበው ሊሞት ሲል የሩቁን ማሰብ የሚከብደው የልብ ድካም ስላለብን ብቻ አይደለም፤ ርኅራኄ ራሱ የተፈጠረው ፊት ለፊት ላለው ነውና።

ቅዱስ አምብሮስዮስ የሚላን ጳጳስ ሳለ በጎቶች የተማረኩትን ለመዋጀት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ ሸጧል። በዚህም ተነቀፈ። እርሱ ግን ምን እንደ ሸጠ፣ ለምን እንደ ሸጠ፣ ማንን እንደ ዋጀ በመጽሐፉ በግልጽ ጻፈ። ቤዛን ከንግድ የሚለየው አንዱ ይህ ግልጽነት ይመስለናል። በሁለቱም በኩል ገንዘቡ ወደ ክፉ እጅ ይገባል፤ ነገር ግን አንዱ የተዋጀውን በስሙ ይጠራል፣ ሌላው የሚቀጥለውን ፎቶግራፍ ያነሣል።

የነጋዴው ነገር ግልጽ ነው፤ የሚከብደው የደጋጎቹ ነው። ቶሮብሬድ ሪታየርመንት ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተ፣ ከውድድር የተሰናበቱ ፈረሶችን የሚጦር፣ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ከ1,000 በላይ ፈረሶች የነበሩት ድርጅት ነው። በወህኒ ቤቶች ውስጥ እስረኞች ፈረስ እየተንከባከቡ ሙያ እንዲማሩም አድርጓል። ከታላላቅ ለጋሾቹ አንዱ እዚሁ በእኛ ቨርጂኒያ፣ በአፐርቪል ፈረስ ያረቡ የነበሩት ሟቹ ፖል ሜሎን ናቸው። የርስታቸው ጠባቂዎች ገንዘቡ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ፈልገው ፈረሶቹ በእንስሳት ሐኪም እንዲታዩ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ከፈረሶቹ ብዙዎቹ እንደ ተራቡና እንደ ተጣሉ፣ ለሚጦሩባቸውም እርሻዎች ክፍያ እንደ ዘገየ ጻፈ። ድርጅቱ ክሱን አልተቀበለም። በ2012 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ በ2013 ጉዳዩ አስተዳደሩ እንዲሻሻል በሚያደርግ ስምምነት ተዘጋ፤ ድርጅቱም ዛሬ ሥራውን ቀጥሏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ ለማግኘት የሚሻ አንባቢ ቅር ይለዋል። እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው። አንድን ፈረስ ማዳን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መቀለብ ግን የ20 ዓመት ሥራ ነው። የማዳኑ ቀን ፎቶግራፍ አለው፤ በ11ኛው ዓመት የሚገዛው ድርቆሽ ግን ፎቶግራፍ የለውም። ገንዘብ የሚመጣው በማዳኑ ቀን ስለሆነ ደግ ሰዎች የሚቀልቡትን ሳያሰሉ ማዳን ይቀጥላሉ። እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ አዳኙ ራሱ የሚያስርብ ይሆናል፤ ይህንንም ለሰጪዎቹ ለመናገር ያፍራል፤ ከኀፍረቱም መደበቅ ይወለዳል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረታችን ስለ አቅመ ቢስ ጠባቂ የተነገረ ነው፤ አቅመ ቢስነቱን የሚደብቅ ጠባቂ ግን ከዚያም ይብሳል።

እውነቱን በመናገር የሠራ ሰው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ወደ ካይሮ መጥታ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሸጡ የጦር ፈረሶች አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ ድንጋይ ሲጎትቱ አየች። በ1931 ለአገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፋ ባገኘችው ገንዘብ በጥቂት ዓመታት 5,000 ያህል ፈረሶች ገዛች። ከእነዚህ የሚበዙት ደክመው ስለ ነበረ ጥቂት ቀን ከበሉና ካረፉ በኋላ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። ይህን አልሸሸገችም፤ ገንዘቡን የለመነችው ለመጨረሻ ዕረፍታቸው መሆኑን ገልጻ ነው። ፈረሱን ያስረከበው ድሃ ግብፃዊም ሌላ ፈረስ ገዝቶ ያንኑ ሥቃይ እንዳይደግም፣ በ1934 ያለ ክፍያ የሚያክም የፈረስ ሐኪም ቤት አቋቋመች። በእርሷ ስም የሚጠራው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል። ሞትን ማዳን ብሎ መጥራት ይቻል እንደሆነ አከራካሪ ነው፤ ለእኛም ቀላል አልሆነልንም። ሆኖም በእርሷ ላይ የተከራከረ ሁሉ የተከራከረው የሠራችውን እያወቀ ነው።

የፎቶግራፉን ነገር በዝምታ ማለፍ አንችልም። እኛ በፎቶግራፉ ውስጥ የነበርን ሕዝብ ነን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የመሐመድ አሚን ካሜራ የኮረምን ንጋት ለዓለም ባሳየ ጊዜ፣ ዓለም ደንግጦ ሰጠ፤ በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ያ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ሆነ። ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚያ ብርድ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችውን እናት፣ በፊቷ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተሰበሰበና ምን እንደ ተገዛበት ማን ነገራት? እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ቢቢሲ በትግራይ የእርዳታ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚል ዘገባ አሰራጨ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ክሱ ባንድ ኤይድን የሚመለከት አስመስሎ በማቅረቡ ለድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። ሰጪዎች ተከራከሩ፣ ጋዜጠኞች ተከራከሩ። የኮረም ሰው አልተጠየቀም። ቁስሉ ለሌላው መለመኛ ሆኖ እርሱ ስለ ሒሳቡ የማይጠየቅ ፍጥረት ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ስለዚህ የፈረሱ ፎቶግራፍ ሲመጣ እኛ ከሌላው ሰው ቀድመን ልናፍር በተገባን ነበረ።

ቀኝ የሚሰጠውን ግራ አይወቅ የሚለውን የጌታን ትምህርት አንሥተው የሚቃወሙን ይኖራሉ። ያ ትእዛዝ የተሰጠው ሰጪው እንዳይመካ ነው፤ ተቀባዩ መዝገብ እንዳይጽፍ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ለብቻው አልያዘም፤ ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈው ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ላከ። በሐዋርያት ሥራም ከግሪክ ወገን የሆኑ መበለቶች በየዕለቱ አገልግሎት ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ዲቁና በክርስቲያኖች መካከል የተሠራው ከማዕድ አቤቱታ የተነሣ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? በአንጻሩ፣ በቢታንያ ሽቱው ተሸጦ ለድሆች ይሰጥ ነበረ ብሎ በድሆች ስም የተናገረው ከረጢት ያዡ ነው።

የዚህ አገር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገቢውን፣ ወጪውን፣ የሹማምንቱን ደመወዝ የሚገልጽ ፎርም 990 የተባለ ወረቀት በየዓመቱ እንዲያስገባ፣ ለጠየቀውም ሁሉ እንዲያሳይ ያዛል። እዚህ በቨርጂኒያ ደግሞ ገንዘብ የሚለምኑ ድርጅቶችን የሚመዘግበው የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፈረሱና ለማኙ በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው ፈገግ አሰኝቶናል። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ካስረዳን በኋላ ለድርጅቱ የሚላክ ደብዳቤ አብረን መጻፍ ጀመርን። ስንት ፈረስ ገዛችሁ? ከማን ገዛችሁ? ስንቱ ሞተ? ለድርቆሽ ምን ያህል፣ ለሐኪም ምን ያህል፣ ለማስታወቂያ ምን ያህል ወጣ?

ከልጆቹ ያቺ ፎቶግራፉን ያመጣችው፣ ብዕሯን አስቀምጣ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ፎርም 990 የት እንደሚገኝ ጠየቀችን። አብያተ ክርስቲያናት ይህን ወረቀት እንዲያስገቡ ሕጉ እንደማያስገድዳቸው ነገርናት። «እሺ፣ ግን ለሕንፃው ያዋጣነው፣ ለገዳሙ የተላከውስ የት ተጽፏል?» አለች። በጥያቄዋ ንቀት አልነበረበትም፤ ከእኛው የተማረችውን መድገሟ ነው።

መልስ አጣን። አባቶቻችን ሙዳየ ምጽዋቱን ሲከፍቱ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሆንም፤ የተመረጡት ሁሉ ሳይገኙ ሣንቲም አይቆጠርም ነበረ። ተራ የእድር ጸሐፊ እንኳ በወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ቆሞ ያነብባል። እኛ በስደት ስንኖር፣ በአባቶች መለያየትና በቦርድ ክርክር ዘመን፣ መዝገብ የጠየቀ ሁሉ የወገን ጠላት ተብሎ ሲሰደብ እንደ ነበረ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ለሰላም ብለን መጠየቅን ተውን። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እየተባለ በሌላው ላይ የሚተረተው ተረት በእኛም ላይ እንዳይተረት ዋስትናችን ምን ነበረ? የፈረሱን ድርጅት ያነጋገሩንን ሰው መልስ መለስ ብለን ስናስበው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠላትን ያስደስታል የሚለው ቃል ከራሳችን አዳራሽ የወጣ ይመስል ነበረ።

ሰበካ ጉባኤው ይህን ጽሑፍ ሰምቶ እንዲታተም ፈቅዷል። ገንዘብ ያዡም ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዝገብ ከነደረሰኙ እያዘጋጁ ነው፤ የጠፉ ደረሰኞች መኖራቸውን ከወዲሁ ነግረውናል። መዝገቡ ከሚቀጥለው ወር የመጨረሻ እሑድ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ይነበባል። የልጆቹ ደብዳቤ ለፈረሱ ድርጅት የሚላከው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።